በሃምሳው የከሳ ሰው

«ባሏን በረሃብ ልትፈጀው ነው እኮ!» አለች ደብሬ። ወፍጮው እየጮኸ ስለነበር እሷም መጮኽ ነበረባት፤ የነገረችው ግን ከጎኗ ለቆመችው ሴት ብቻ ነው። ክፋቱ፣ ንግግሯ ግማሽ ላይ ሲደርስ የወፍጮው ናፍጣ አለቀና ሞተሩ ቀጥ አለ። «ልትፈጀው ነው እኮ» የሚለው ጸጥ ባለው ቤት ውስጥ ለብቻው ቀረ። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች መጀመሪያ ደብሬን አዩ፤ ቀጥለው በሩ አጠገብ ጆንያዋን ተደግፋ የቆመችውን ባንቺን አዩ፤ ከዚያ ሁሉም ናፍጣ ሊያመጣ የወጣውን ባለወፍጮ መጠበቅ ጀመሩ። እንዲህ በጉጉት የተጠበቀ ባለወፍጮ ሰቆጣ ውስጥ ታይቶ አያውቅም።

ደብሬ አላፈረችም። ሰው የሚያፍረው ምስጢር ሲያመልጠው ነው፤ ይሄ ደግሞ ምስጢር አልነበረም። «ባንቺዬ፣ እንዴት አደርሽ?» አለች። «እግዜር ይመስገን።» «ይስማውስ?» «ደህና ነው።» «እግዜር ይማረው» አለች ደብሬ፣ መልሱን እንዳልሰማች ሆና። ከዚያ ዓይኗ ወደ ጆንያው ወረደ። ጆንያው ውስጥ ያለው ገብስ በወጉ አልተፈተገም። ዛሬ ከደሃና የልጇ አማቾች የሚመጡባት ሴት፣ ለእንግዶቿ ነጭ ጤፍ ከትናንት ወዲያ አስፈጭታ ያስቀመጠች ሴት፣ በማለዳ ከነገለፈቱ ገብስ ይዛ የቆመችው ለማን እንደሆነ ደብሬ መጠየቅ አያስፈልጋትም ነበር። ጠየቀች እንጂ። «ለበቅሎዎቻቸው ነው?» «ለይስማው ነው» አለች ባንቺ። ናፍጣው መጣ፣ ወፍጮው ጮኸ፣ ሴቶቹም የልባቸውን ለመናገር ነጻ ሆኑ።

ይስማው የእርዳታ እህል መጋዘን ኃላፊ ነው። ሥራው በር ላይ ወንበር አውጥቶ መቀመጥና ሌሎች ጆንያ ሲያስገቡና ሲያስወጡ ማየት ነበር፤ በዚህ ሥራ ላይ እያለ ወንበሩ ሁለት ጊዜ ተሰብሮ ተለውጧል። በወፈረበት ዘመን ከተማው «እህላችንን በላው» ይለው ነበር። ዘንድሮ ሲከሳ ደግሞ «ተደርሶበታል» አለ። ሰውየው ንጹሕ የሚሆንበት ኪሎ እስካሁን አልተገኘም። ባንቺ ግን በዚያ ዘመን ትመሰገን ነበር። የባሏ ቀበቶ አዲስ ቀዳዳ በተበሳለት ቁጥር ሴቶቹ «እጅሽ ይባረክ» ይሏታል፤ ኪሎ ቅቤ ሃያ አምስት ብር በገባበት ሰሞን እንኳ ከቤቷ ቅቤ ያልተንሳፈፈበት ወጥ አልወጣም። ያን ሆድ ከተማው የሚያውቀው የባንቺ ሥራ ብሎ ነው። ስለዚህ ሆዱ ሲጎድል ተጠያቂው ማን እንደሆነ ለማወቅ ማንም አልተቸገረም።

ነገሩ የመጣው በጥር ነው። የይስማው የእግር ጣቶች መደንዘዝ ጀመሩ፤ ውኃ ጥሙም አልቆርጥ አለ። ጤና ጣቢያ ሲሄድ ኤርምያስ የሚባል ወጣት ጤና መኮንን ደሙን መረመረና ስኳር እንዳለበት ነገረው፤ ከዚያ ሚዛን ላይ አወጣው። ያ ክፍል እናቶች የተጎዱ ሕፃናት ይዘው የሚሰለፉበት ክፍል ነው። አንዷ ልጇ ግማሽ ኪሎ ጨመረ ተብላ እልል ብላ ከመውጣቷ ይስማው ሚዛኑ ላይ ወጣና ሚዛኑ ሲጥጥ አለ። «እርስዎ መቀነስ አለብዎት» አለው ኤርምያስ። ተራ የሚጠብቁት እናቶች ዞረው አዩት። በዚያ ክፍል ውስጥ ቀንስ የሚል ቃል ሲነገር ከዚያ በፊት የሰማ አልነበረም። ባንቺ አብራው ነበረች። «እስከ መቼ ነው?» አለች። ለእሷ ሁሉም ነገር ማብቂያ ቀን አለው፤ ጾም ማብቂያ አለው፣ ሐዘን ማብቂያ አለው፣ አራስ ቤትም ማብቂያ አለው። «እስከ ሁልጊዜ» አላት ኤርምያስ። ቅባት መቀነስ፣ ጠላና ጠጅ መተው፣ እህል ከነገለፈቱ መብላት፣ በየቀኑ ሳይቆሙ ፈጠን ብሎ መራመድ። «ክኒን ብቻ ቢሆን ያልቅ ነበር፤ ይሄ ግን አያልቅም» አለ፣ የሚያጽናና መስሎት። ይስማው እግሩን አየ። ታላቅ ወንድሙ የእግሩ ቁስል አልድን ብሎት፣ እግሩ ተቆርጦ፣ በዓመቱ ሞቷል፤ ያኔ ለበሽታው ስም የሰጠው ሰው አልነበረም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ነገሩ ቀለለ። ጎመንና ባቄላ የሚበላ ሰው በጾም አይታይም፤ ሁሉም ጎመንና ባቄላ ይበላል፣ ሁሉም ይከሳል። ባንቺ በልቧ ለዚህ ነገር ቀን ቆርጣለት ነበር፤ ፋሲካ። ፋሲካ መጣ፣ ይስማው ከዶሮው አንድ ብልት በልቶ እጁን ታጠበ። በማግስቱም እንዲሁ፤ በሳምንቱም እንዲሁ። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት፣ ከቤተ ክርስቲያን ሰው እስከ ሰካራሙ ሁሉም ሥጋ የሚበላበት ቀን ነው። በሃምሳው የሚከሳ ሰው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ታሟል፣ ወይ ሚስቱ ነፍጋዋለች። በዘጠና ስድስት ዓ.ም. «ታሟል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ስለሚያውቅ፣ ባንቺን የሚወዷት ሰዎች «ነፍጋው ነው» ይሉላት ነበር።

ከመብሉ ይልቅ የባሰው ግን መራመዱ ነው። በዋግ መንገድ ላይ ሰው ከሰው ሲገናኝ ይቆማል። የቤቱን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን፣ ባለፈው ሳምንት ያሳለውን ሕፃን ሁሉ ይጠይቃል፤ ሌላውም እንዲሁ ይጠይቀዋል፤ ከዚያ እንደ ገና ከመጀመሪያው። በማለዳ ነጠላውን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ ዱላ ይዞ፣ ላቡ እየወረደ፣ ሳይቆም «እንዴት አደራችሁ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ሰው አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ መርዶ ሊነግር የሚሄድ። እንዲህ ያለውን ሰው ማንም አያስቆመውም፤ መንገድ ይለቁለታል፣ ያማትባሉ፣ የማንን ቤት በር እንደሚያንኳኳ ከሩቅ ያያሉ። ይስማው ደግሞ እንዳይቆም ታዟል። መራመድ በጀመረ ሰሞን አንዲት ጎረቤት ልጇ ጎንደር ስለነበር ደረቷን እየደቃች እስከ ዳገቱ ጫፍ ተከተለችው። ዞር ሲል «ንገረኝ፣ አልጮኽም» አለችው። «ማንም አልሞተም፣ እየተራመድኩ ነው» አላት። አላመነችውም፤ ልጇ በደህና ደውሎላት እንኳ ለብዙ ቀን ይስማውን በክፉ ዓይን ታየው ነበር። ከዚያ ወዲህ ይስማው ባዶ ቢጫ ጀሪካን ይዞ መውጣት ጀመረ። ጀሪካን የያዘ ሰው ወደ ምንጭ የሚሄድ ነው፤ ማንም ደረቱን አይደቃም። ብልሃቱ ሠራ። በሳምንቱ ከተማው ባንቺ ባሏን ውኃ እንደምታስቀዳ አወቀ።

እንግዲህ ባንቺ ዛሬ ጀሪካኑን አልጋ ሥር የደበቀችው ለዚህ ነው። «አማቾቹ በሚገቡበት ቀን ጀሪካን ይዘህ አትወጣም። ከፈለግህ ባዶ እጅህን ሂድ» ብላው ነበር፤ ይስማውም ባዶ እጁን ሄዶ ነበር። ከወፍጮ ስትመለስ ከደጅ ላቡን እየጠረገ አገኘችው። «ዳገቱ ላይ በቅሎ የያዙ እንግዳ ሰዎች አጋጠሙኝ፤ እኔ በምንጩ በኩል ዞሬ መጣሁ» አላት። «ሰላም አልካቸው?» «እያለፍኩ፤ ፊታቸውን አላየሁም።» ባንቺ አልሰማችውም ማለት ይቻላል፤ ዓይኗ ቤቱ ላይ ነበር። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ውስጠኛው ክፍል ልጅቱ ምስራቅ ነጭ ቀሚስ ለብሳ እስክትጠራ የምትቀመጥበት፣ ውጪኛው እንግዳ የሚቀበሉበት። ግድግዳው በአዲስ ጋዜጣ ተለጥፏል፤ ወንበሮቹ ከሦስት ቤት የተለቃቀሙ ስለሆኑ ቁመታቸው አይገጥምም፤ መሬቱ ላይ ቄጤማ አለ። ከበሩ ትይዩ ባንቺ የይስማውን ትልቅ ፎቶግራፍ ሰቅላለች። ፎቶው የድሮ ነው፤ ይስማው በሰው ሠርግ ላይ ሚዜ ሆኖ፣ አንገቱ ከአገጩ ጋር ገጥሞ፣ ከረባቱ ማንን እንደሚያንቀው የማይታወቅበት። የሰቀለችው ለማስረጃ ነው።

«ልበስ» አለችው። የዚያን ዘመን ኮቱን አውጥታለታለች። ኮቱ ለብቻው እንደ ድንኳን ስለሚሆን ከሥሩ ሁለት ሹራብ ደረበችለት። ግንቦት ነው፤ ፀሐዩ ከማለዳው ያቃጥላል። ይስማው ሳይከራከር ለበሰ። ማታ ቃል አስገብታው ነበር፤ «ነገ የሚሰጡህን ትበላለህ። ለምስራቅ ስትል። ነገን ብቻ።» ይስማው ጣሪያውን እያየ ቆየና «ነገን ብቻ» ብሎ ነበር። ቅጣውና ሚስቱ ለተጊዮርጊስ የልጃቸውን የአንዷለምን ጋብቻ ሊቆርጡ የሚመጡት ዛሬ ነው፤ ወይ ቀኑን ይቆርጣሉ፣ ወይ ነገሩን። አንዷለም ጥሩ ልጅ ነው፤ ምስራቅም ከእሱ ሌላ የምትለው የላትም። ግን ቅጣው ይስማውን ያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያየውም ወፍሮ ሳለ ነው፤ ወሬው ደሃና ድረስ እንደሄደ ደግሞ ባንቺ ታውቃለች።

ከሁሉ ቀድመው የመጡት የንስሐ አባታቸው መምሬ ገብረ አማኑኤል ናቸው። ለሽምግልናው ቢጠሩም የራሳቸው ጉዳይ ነበራቸው። ጠላ ቀረበላቸው፤ ይስማው ውኃ ያዘ። መምሬ ውኃውን አዩት።

«ይስማው፣ በሃምሳው እንደማይጾም ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ አባቴ።»

«ታዲያ ምነው?»

«እየጾምኩ አይደለም። እየበላሁ ነው።»

«ምን?»

«ጎመን።»

«ሌላስ?»

«ባቄላ።»

መምሬ ጭራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ይሄ ጾም ነው» አሉ። «ጌታ ተነሥቷል። ተነሥቶ ሳለ እንዳልተነሣ ሆኖ መብላት ደግ አይደለም። ሰውም እየጠየቀኝ ነው፤ ምን ልበላቸው?» ይስማው ውኃውን ተጎነጨ። ሐኪም አዞኝ ነው እንዳይል፣ በሽታ የሚባል ነገር ዛሬ በዚህ ቤት እንዳይነሣ ባንቺ አስጠንቅቃዋለች፤ አማች ፊት በሽታ ከተነሣ የደም ነገር ይነሣል፣ የደም ነገር ከተነሣ ልጅቱ ትነሣለች። ስለዚህ ሹራቦቹ ውስጥ ሆኖ ላቡን ጠረገ። መምሬም ላቡን አይተው ሕሊናው የወቀሰው መሰላቸው፤ ትንሽ ረኩ።

ጩኸቱ የመጣው ያኔ ነው። መጀመሪያ ከመንገዱ ጥግ የሴት ድምፅ ነበር፤ ቀጥሎ የወንድ፤ ከዚያ አጥር በአጥር ተቀባበለውና ሠፈሩ ሁሉ አነሣው። ለቅሶ በእኛ ከተማ መጀመሪያ ይደረሳል፣ ስም ኋላ ነው የሚጠየቀው። ባንቺ ማሰሮውን ትታ እየሮጠች ስትወጣ ደብሬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ግቢው ውስጥ ነበረች፤ ምስራቅም ከውስጠኛው ክፍል ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች። በበሩ በኩል ሁለት በቅሎ ይዘው አማቾቹ ገቡ። ለተጊዮርጊስ ሻሿን ፈትታ አንገቷ ላይ ጥላዋለች፤ ቅጣው ዱላውን ገልብጦ ይዞ «ወንድሜን! ገና ሳንዛመድ!» ይላል።

«ማን ነው? ማን ነው?» አለች ባንቺ፣ ፊቷን እየያዘች።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ይስማው ነዋ!» አለ ቅጣው።

ባንቺ አመነች። የአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ነው፤ ግን አመነች። ይስማው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ላቡን ሲጠርግ ትታው እንደወጣች እያወቀች፣ ያ ሁሉ ሰው ስሙን ጠርቶ ሲያለቅስ፣ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ያየችው የታላቅ ወንድሙን ቀብር ነው፤ አስከሬኑ ከወገቡ በታች አጠር ብሎ የነበረውን። ከዚያ ከኋላዋ «ምንድን ነው?» የሚል ድምፅ ሰማች። ይስማው ሁለት ሹራብና ኮት ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል።

ቅጣው ዱላውን አወረደ። ይስማውን አየና በበሩ በኩል ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶግራፍ አየ፤ እንደ ገና ይስማውን አየ። «መርዶ ነጋሪው ይኸው!» አለ። «ለተጊዮርጊስ፣ ይኸው፣ ዳገቱ ላይ ያገኘነው!»

እየቆየ ተገለጠ። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ዘመድ ቤት አድረው በማለዳ ሲመጡ፣ ዳገቱ ላይ ነጠላውን የታጠቀ፣ ላቡ የሚወርድ፣ ቀጭን ሰው በአጠገባቸው እንደ ንፋስ አለፈ። ሰላም ለማለት ቆሙ፤ አልቆመም። ጀሪካን አልያዘ፣ ዘንቢል አልያዘ። ደሃና ድረስ የሄደውን ወሬ ሰምተዋል፤ ይስማው ታሟል፣ አልቋል። ይሄ ሰው ከሰቆጣ በኩል በማለዳ ሳይቆም የሚሮጠው ምን ይዞ ነው? «ያው ሞቷል አልኩ» አለ ቅጣው። «ቤታችን መርዶ ሊነግር ወደ ደሃና የሚሄድ ሰው ነው አልኩ። ልጥራው ስል ዳገቱን አልፎ ሄዷል።» ከዚያ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ትንሽ አለቀሱ፤ ሸማቸውን አዘቀዘቁ፤ መጡ።

ለቅሶ ግን በአንዴ አይቆምም። ሰዎቹ አንድ በአንድ ሸማቸውን አቀኑ፤ የመጨረሻዋ ደብሬ ናት። ከጀመረች በኋላ ማቋረጡ አልሆንላት ብሎ አምና የሞተውን ወንድሟን አነሣችና እሱን አልቅሳ ጨረሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ይስማውን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ «እንኳን ተረፍክ» ብላው ወደ ቤቷ ሄደች።

ቤት ገቡ። በቁመታቸው የማይገጥሙት ወንበሮች ላይ ተቀምጠው አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ፣ ቄጤማውን ያያሉ። ስለ ዝናብ ተነሣ፤ ደሃና ላይ ጥቂት ጥሏል። ስለ በቅሎዎቹ ተነሣ፤ ደህና ናቸው። ምስራቅ ተጠርታ ጉልበት ስማ ተመለሰች። ለተጊዮርጊስ ልጅቱን አየች፣ ፎቶውን አየች፣ ይስማውን አየች፤ ከዚያ ወደ ባሏ ዘንበል ብላ በዋግ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ ተናገረች። የከተማ ሰው ኽምጣኛ ረስቷል ብላ ነው። «ሰውየው የሄደ ነው። ያ በሽታ ነው። ሹራቡን አታይም? አጥንቱን ሸፍነውት እኮ ነው። በልቶ ካላየሁት ልጄን አልሰጥም» አለች። ባንቺ የፃግብጂ ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በኽምጣኛ ነው፤ አማርኛ የተማረችው ካገባች በኋላ ነው። ሁሉንም ሰምታ ጠላውን ቀዳች።

ማዕድ ቀረበ። የአበርገሌ ፍየል ነው፤ ባንቺ በራሷ እጅ መርጣ ያስመጣችው፤ ጥብሱ ቅቤው ውስጥ እየተንጫጫ መጣ። ይስማው ጥግ ጥጉን እየቆረሰ ነበር። ቅጣው እጅጌውን ሰበሰበ። የጠቀለለው ጉርሻ ትልቅ ነበር፤ ሥጋው ከእንጀራው ወጥቶ ይታያል፣ ቅቤው በክንዱ ላይ ይወርዳል። ይሄ የመዛመድ ጉርሻ ነው፤ እምቢ የሚሉት ዓይነት አይደለም። «አያ ይስማው፣ በሞቴ» አለ። ለተጊዮርጊስ መብላቷን ትታ ጠበቀች። መምሬም ጠበቁ። ይስማው ባንቺን አየ። ፊቱ ላይ ቅሬታ አልነበረበትም፤ ማታ ጣሪያውን ሲያይ የነበረው ፊት ነው፤ ነገን ብቻ። አፉን ከፈተ።

ባንቺ እጇን ሰደደች። ጉርሻውን ከቅጣው ጣቶች ላይ ወሰደችና አፏ ውስጥ ከተተችው። ትልቅ ስለነበር ወዲያው መናገር አልቻለችም፤ ቤቱ ሁሉ ስታላምጥ ጠበቃት። የአማችን ጉርሻ ከባሏ አፍ ነጥቃ የበላች ሴት ምን እንደምትባል ለማሰብ ሁሉም በቂ ጊዜ አገኘ።

ዋጠች። ከዚያ በኽምጣኛ፣ ለለተጊዮርጊስ፣ ረጋ ብላ «ያ በሽታ አይደለም። ስኳር ነው። ያበላሁት እኔ ነኝ፤ አሁን የከለከልኩትም እኔ ነኝ» አለቻት።

የለተጊዮርጊስ እጅ መሶቡ ላይ ቀረ። ያሳፈራት ነገሩ ይሁን ቋንቋው አልታወቀም። «ስኳር?» አለች፣ ወደ አማርኛው ተመልሳ። «የሻዩ ስኳር?»

«ደሙ ውስጥ።»

ለተጊዮርጊስ አሰበች። በእነሱ አገር ስኳር ለበዓል የሚገዛ ነገር ነው፤ ደም እስኪገባ ድረስ ስኳር የጠገበ ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ለመገመት ጋዜጣ የተለጠፈበትን ግድግዳ ዞር ብላ አየች። «ይተላለፋል?» አለች።

«በጉርሻ ነው የሚተላለፈው» አለች ባንቺ።

ቅጣው ቅቤ የወረደበትን ክንዱን አየ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ቅጣው ጉሮሮውን ጠረገና ሲያሰላስለው የቆየውን ነገር አወጣ። «እኔ ስለ ሐኪም አላውቅም» አለ። «ግን እሱ ሽቅብ ሲያልፈን እኔ በቅሎ ላይ ነበርኩ። አንድ ቃል ልጠይቀው ብዬ በቅሎዬን አዙሬ ኮረኮርኩት። አልደረሰበትም። ይሄ በቅሎ በአገራችን ወደር የለውም። የታመመ ሰው ላይ ካልደረሰ በቅሎውን መሸጥ አለብኝ፤ እሱን ደግሞ አልሸጥም።» ለተጊዮርጊስም በቅሎው እንደማይሸጥ ታውቃለች።

የቀሩት መምሬ ናቸው። ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። «ሐኪም ያዘዘው ነው?» አሉ። «አዎን አባቴ» አለ ይስማው። «እስከ መቼ ነው ያለህ?» ባንቺ ቀድማ መለሰች፤ «እስከ ሁልጊዜ።» ይህን ቃል ጮኽ ብላ ስትል የመጀመሪያዋ ነው። መምሬ ገብረ አማኑኤል ጭራቸውን አስቀመጡ። «ጾም ያበቃል» አሉ። «ማብቂያ የሌለው ጾም የለም። የማያበቃ ከሆነ ጾም አይደለም። ጾም ካልሆነ በሃምሳው ይፈቀዳል።» ፍርዱን ከሰጡ በኋላ ከፍየሉ የጎን ሥጋ ወሰዱ። ይስማው ኮቱን አወለቀ፤ ቀጥሎ ሹራቦቹን። ሸሚዙ ብቻ ሲቀር ለተጊዮርጊስ ልታየው የምትፈልገውን ሁሉ አየች፤ ትከሻ ነበረው፣ ደረት ነበረው፣ ላብ ነበረው። ሠርጉ ሃምሳው ሳይወጣ እንዲሆን ተቆረጠ። ይስማው በሠርጉ ቀን ጎመን ቢበላ ማንም እንዳይቀየም ቅጣው አሳሰበ፤ ግን ቅር እንዳይለው ለይስማው የሚገባውን ጉርሻ እየጠቀለለ ለባንቺ ያጎርሳት ጀመር፤ እሷም የጀመረችውን ነገር እምቢ ማለት አልቻለችም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንግዶቹ ጋደም አሉ። ባንቺ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትንፋሽ አጥሯታል። የይስማውን ድርሻ ሁሉ በልታ ሆዷ ተወጥሯል። ይስማው አጠገቧ ቆሞ «ብትራመጂበት ይቀልሽ ነበር» አላት። ምክር አልነበረም፤ እንደዋዛ ነው ያለው። ባንቺ ወደ ቤት ገብታ ነጠላዋን ያዘች። ይስማው ተከትሏት ገብቶ አልጋ ሥር ሊያይ ጎንበስ ሲል «ጀሪካኑን ተወው» አለችው።

ወጡ። ይስማው ሊጠብቃት ቀስ ሲል እሷ ቀስ አልልም አለች። ባልና ሚስት አብረው፣ ባዶ እጃቸውን፣ ሲመሽ፣ ሳይቆሙ ሲያልፉ ያዩ ሰዎች ከየበራቸው ብድግ አሉ፤ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ያሉት ሴቶች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ማንም አልሞተም» አለች ባንቺ፣ እያለፈች። በሚቀጥለው በርም «ማንም አልሞተም» አለች። በዚያኛውም። መንገዱ እስኪያልቅ ድረስ ሠፈሩን ሁሉ በየተራ አረጋጋች።

የመጨረሻው በር የደብሬ ነው። ደብሬ ደጃፏ ላይ ቆማ «ወዴት ነው?» አለች።

«ወዴትም።»

«እንዴ! እና እስከ መቼ ነው እንዲህ?»

ሰው ሲጠየቅ ይቆማል። ባንቺ አልቆመችም። «እስከ ሁልጊዜ» አለች፤ ቃሉ ለደብሬ ሲደርስ እነሱ ዳገቱን ጀምረው ነበር። ደብሬ ከኋላቸው እያየች በልማድ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ትንሽ ቆመችና አሰበች። መልሳ አቀናችው።